የበረኛው ጣቶች

በኡርሱላ የከሰል ጉድጓድ በረኛ መሆን ኳስ መያዝ ማለት አልነበረም፤ ከመሬት በላይ መዋል ማለት ነበር። በላይኛው ሲሌዝያ ከሰል ቆፋሪ ሆኖ የተወለደ ሰው በክረምት ፀሐይ የሚያየው እሑድ እሑድ ነው፣ እሱም ሰማዩ ከፈቀደ። ጉድጓዱ ግን የራሱ የኳስ ክለብ ነበረውና ለክለቡ የሚሰለፍ ሰው ከታች ወጥቶ ቀለል ያለ ሥራ ይሰጠው ነበር። አጥቂዎቹ ከሰሉ ሲመዘን አጠገቡ ቆመው ይውላሉ፤ ተከላካዮቹ የገላ መታጠቢያውን ቤት ይጠብቃሉ። በረኛው መብራት ቤት ይገባል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፣ የሚጠይቅም የለም። የኡርሱላ በረኛ ለሚወርዱት መብራት ያቀብላል፣ ከሚወጡት ይቀበላል፣ በመሐል መስታወት ይወለውላል። ምድጃ አለው፣ ወንበር አለው፣ መስኮት አለው። ሰዎቹን ጭኖ የሚወርደውን የብረት ሳጥን ከመስኮቱ ወዲህ ሆኖ ከሩቁ ያየዋል።

ፍሎሪያን ቡዮክ ያቺን ወንበር ያገኘው በችሎታው ነው ብሎ የሚምል ሰው በከተማችን አልነበረም። ያገኘው በፍርሃቱ ነው። አባቱ ቆፋሪ፣ አያቱ ቆፋሪ፤ እሱም ጢም ሳያበቅል ወረደ። ጎልማሳ ሆኖ ሚስት ባገባ በዓመቱ ጣራው ተደረመሰበት። አብሮት የነበረው ሰውዬ ወዲያው አልሞተም፤ እያወራ ቀስ ብሎ ነው የሞተው። መጀመሪያ ስለ ሚስቱ አወራ፣ ቀጥሎ ስለ እርግቦቹ፣ በመጨረሻ ውሃ ብቻ ነበር የሚለው። ፍሎሪያን እስከ ወገቡ ድንጋይ ተጭኖት፣ ሬሳው ክንዱ ላይ ተደግፎ በጨለማ ቀረ። ሰዎቹ ቆፍረው ቀዳዳ ሲከፍቱ በሆዱ ተስቦ መጀመሪያ የገባው የጉድጓዱ ሐኪም ዶክተር ፕራገር ነበር። መርፌ ወጋውና ድንጋዩ እስኪነሳ እጁን ይዞ አጠገቡ ተጋደመ። «እንዳትተኛብኝ፤ የሊጉን ክለቦች ጥራልኝ» እያለ ከኦፐልን እስከ ራቲቦር ያሉትን ሁሉ አስጠራው።

እግሩ ዳነ። ሌላው ግን አልዳነም። ወደ ሥራ በተመለሰበት ጠዋት የብረቱ ሳጥን በር ሲከፈት ፈረቃው ሁሉ እያየ ሱሪው ላይ ሸና። ሰው ሳቀ። የኛ ከተማ ሰው እንዲህ ነው፤ ሲደረመስብህ በጥፍሩ ቆፍሮ ያወጣሃል፣ ከወጣህ በኋላ ደግሞ ይስቅብሃል። ፍሎሪያን ሊባረር አንድ ሐሙስ ሲቀረው የክለቡ በረኛ አርጅቶ ጓንቱን ሰቀለ። አቶ ራይንሽ፣ የጉድጓዱ ዋና ተቆጣጣሪና የክለቡ ሊቀመንበር፣ ፍሎሪያንን አስጠራው።

«ታች መሞት አልፈልግም ብለሃል አሉ» አለው። «እዚህ ላይ፣ ሣሩ ላይ፣ ልትሞትልኝ ትችላለህ?»

«እችላለሁ፣ አቶ ራይንሽ።»

ቃሉንም ጠበቀ። ጥሩ በረኛ አልነበረም፤ ከላይ የሚመጣ ኳስ ያሳስተው ነበር። ግን የሰው ጫማ አይፈራም። አጥቂ እግሩን ሲያነሳ ፍሎሪያን ጭንቅላቱን ይዞ ከሥሩ ይገባል። ጥርሱ ረገፈ፣ አፍንጫው ጠመመ። ዓለም ላይ የሚፈራው ነገር አንድ ብቻ ስለሆነ ለሌላው ፍርሃት አልተረፈውም። ደጋፊው ድንጋይ ያልገደለውን ኳስ አይገድለውም እያለ ዘፈነለት፤ በሱሪው የሳቁት ሰዎች ናቸው ደግሞ የዘፈኑለት።

ያን ጊዜ ሊጉ የኛው ነበር። እሑድ ሲደርስ በሦስተኛ ማዕረግ ባቡር ጎመንና ቋሊማችንን ጠቅልለን ወደ ጎረቤት ከተሞች እንሄዳለን፤ አንዱ ጉድጓድ ሌላውን ጉድጓድ፣ ብረት ማቅለጫው ባቡር ጣቢያውን ይገጥማል። በዓመቱ የላይኛው ሲሌዝያ አንደኛ የወጣው ትልቁ ከተማ ብሬስላው ድረስ ሄዶ በጌቶቹ ልጆች ተቀጥቅጦ ይመለሳል፣ እኛም ዳኛውን ስንረግም እንከርማለን። ኡርሱላ አንዴ ሁለተኛ ወጥቶ ነበር። ከተማው ያንን ዓመት የሚያወራው ንጉሥ የጎበኘው ይመስል ነው።

አንድ ልማድም ነበረን። ከጨዋታ በፊት ዶክተር ፕራገር መልበሻ ክፍል ገብቶ በረኛውን አግዳሚ ላይ ያስቀምጠውና ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጫናል። በየጣቱ ተጫዋቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይቆጥራል። አሥር ሲባል ሁሉም በጫማው መሬቱን ይመታል፣ ያኔ ወደ ሜዳ ይወጣል። ጣት ሳይቆጠር የተገባበት ጨዋታ የለም። ሐኪሙ ለጨዋታ ያህል ያደርገው ይመስላል እንጂ ዓይኑ ሥራ ላይ ነው፤ ያበጠ ነገር ካየ «ዛሬ ተጠባባቂው ይግባ» ይላል፣ ራይንሽም ቃሉን አይሽርም።

ተጠባባቂው ኤማኑኤል ኦህማን ነበር፣ የፍሎሪያን እህት የቬሮኒካ ባል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጁ አካፋ የሚያህል። ከፍሎሪያን የተሻለ በረኛ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ፍሎሪያን ራሱም ያውቅ ነበር። ግን ተጠባባቂ ሰው ላይኛው ሥራ አይገባውም። ኤማኑኤል ታች ከሰል ይፈልጣል፣ ጥቁር አክታ ይተፋል፣ እሑድ ደግሞ ካፖርቱን ለብሶ ከሜዳው ዳር ይቀመጣል። አንድ የፋሲካ ሰሞን ቬሮኒካ በፓፒ አበባ ዘር የተጋገረ ኬክ ይዛ ወንድሟ ቤት መጣች።

«ሲያስል ሌሊቱን አይተኛም» አለችው። «አንድ ዓመት ልቀቅለት፣ ወንድሜ። አንተ መታጠቢያ ቤቱን ትጠብቃለህ።»

«መታጠቢያ ቤቱ የተከላካይ ነው።»

«ራይንሽን ብትለምነው እኮ…»

«ለምኜው እምቢ ካለኝ የት ነው የምገባው? ንገሪኝ እስቲ፣ የት?»

ቬሮኒካ የት እንደሚገባ ስለምታውቅ ኬኩን ቆረሰች። ሁለቱም በሉ፣ ጉዳዩም ዳግመኛ አልተነሳም። ኤማኑኤል በበኩሉ ስለ ቦታው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ከዚያ ያ የሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሦስቱ ዓመት ጸደይ መጣ። በማዘጋጃ ቤቱ የአዲሱ መንግሥት ባንዲራ ተሰቀለ፣ የደጋፊዎቹ ቡናማ ሸሚዝ በረከተ፣ ሊጋችንም ፈረሰ። ለመላው ሲሌዝያ አንድ ትልቅ ሊግ ይቋቋማል፣ የሚገቡት ጥቂት ክለቦች ብቻ ናቸው፣ የቀረው ከሰፈሩ ጋር ይጫወት ተባለ። ለኛ ወገን የቀረችው አንዲት ቦታ ኡርሱላና የባቡር ሠራተኞቹ ክለብ እሑድ ተጋጥመው ያሸናፊው እንድትሆን ተወሰነ። ራይንሽ በየመንገዱ ሰው እያስቆመ «ከገባን ገባን፣ ካልገባን ክለቡን ዘግቼ ሁላችሁንም ታች እሰዳለሁ» ይል ነበር። የሚቀልድ ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ልምምድ ላይ ፍሎሪያን እንደ ልማዱ ከጫማ ሥር ገባ። ሲነሳ ቀኝ እጁ የሱ አልመሰለውም። ለማንም ሳይናገር ጓንቱን እንዳጠለቀ ቤቱ ገባ፣ ዓርብ ጠዋት ዶክተር ፕራገር ዘንድ ሄደ።

ሐኪሙ መዳፉን ገልብጦ አየው። «ሁለት አጥንት ተሰብሯል» አለው። «አስረዋለሁ። ስድስት ሳምንት ኳስ አትነካም።»

«ዶክተር፣ እሑድ እኮ ነው ጨዋታው።»

«አውቃለሁ። ኤማኑኤል ይጫወታል።»

«ለራይንሽ አይንገሩብኝ። በእናትዎ።»

«መንገርማ እነግረዋለሁ፣ ሐኪም ነኝ እኮ። ስለ መብራት ቤቱ አትጨነቅ፣ እሱን ለእኔ ተወው። በዚህ እጅ ከተጫወትክ ግን ዕድሜ ልክህን ማንኪያ አትይዝም። ተቀመጥ፣ ልሰረው።»

ፍሎሪያን ግን አልታሰረም። በፋሻ የታሰረ እጅ ይዞ መብራት ቤት መግባት ራስን በአዋጅ ማስነገር ነው ብሎ ወጣ። አትጨነቅ የሚለውን ቃል በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ሰምቶታል፤ ጣራው የተደረመሰ ዕለትም አለቃው ደጋፊውን እንጨት ዳብሶ አትጨነቁ ብሏቸው ነበር። ቀኑን ሙሉ በግራ እጁ መብራት ሲያቀብል ዋለ፣ ከመስኮቱ ወዲያም ሳጥኑ ሲወርድና ሲወጣ አየ።

በዚያው ዓርብ አመሻሽ የክለቡ አባላት ቢራ ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ከአውራጃው የመጣ ቡናማ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ ተነሥቶ ከእንግዲህ በክለቡ አይሁዳዊ አባል እንዳይኖር ድምፅ ይሰጥ አለ። በክለባችን ያለው አይሁዳዊ ሐኪሙ ብቻ ነበር፤ እሱም እንደ ሁልጊዜው ከምድጃው አጠገብ ቢራውን ይዞ ተቀምጧል። ግማሹን ሰው ሲወለድ የተቀበለው እሱ ነው። ሰው ጫማውን ያያል፣ ብርጭቆውን ያያል። አንዱ ሽማግሌ «ነገሩ ለሌላ ጊዜ ቢተላለፍስ» ብሎ አጉተመተመ፣ የደገፉትም ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እዚያ ላይ ይከሽፍ ነበር፤ ቢያንስ ለዚያ ቀን።

ዶክተር ፕራገር ተነሣ። «ስለ እኔ የፈለጋችሁትን ወስኑ» አለ። «ከዚያ በፊት ግን ስለ እሑዱ ጨዋታ፣ ስለ በረኛው አንድ ነገር መናገር…»

ለፍሎሪያን ሳጥኑ ታየው፣ በሩ ሲከፈት ታየው። ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ማን ያዳምጠዋል ይሄን ሰውዬ!» አለ። «ውሸታም ነው፣ ክለባችንን ሊበትን የመጣ ነው። አሁኑኑ ድምፅ ይሰጥ!» ብሎ ቀድሞ እጁን አነሣ። ቀኝ እጁን ነው ያነሣው፣ ሰው ድምፅ የሚሰጠው በቀኙ ነውና። ሕመሙ እስከ ጥርሱ ተሰማው።

የሚፈለገው ይኸው አንድ ሰው ነበር። ሐኪሙ ነፍሱን ያተረፈለት ሰው ካነሣ ሌላው ምን አስጨነቀው? እጅ በእጅ ላይ ተነሣ። ራይንሽ አነሣ። ያ ሽማግሌም አነሣ። ኤማኑኤል ከሁሉ መጨረሻ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አነሣ።

ሐኪሙ ባርኔጣውን አደረገ። በፍሎሪያን አጠገብ ሲያልፍ ቆም ብሎ ያበጠውን እጅ አየ። «ከፍ አድርገህ መያዝህ ጥሩ ነው፣ እብጠቱን ይቀንሰዋል» አለውና ወጣ። ሰዉ ግራ ገብቶት ሳቀ። ራይንሽ አልሳቀም፤ ዓይኑን ከፍሎሪያን እጅ ላይ ሳይነቅል ቢራውን ጨረሰ።

እሑድ መልበሻ ክፍል ውስጥ ተጫዋቾቹ በፍሎሪያን ዙሪያ ቆሙ፤ ጣት የሚቆጥር ሰው ግን የለም። ሁሉም ይህን ያስታወሰው እዚያው ነው። ራይንሽ ኮቱን አውልቆ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«እጅህን ስጠኝ» አለው።

ከግራው ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ተጫዋቹ በአንድ ድምፅ ቆጠረ። አምስት ሲባል ቀኙን ያዘ። ራይንሽ በወጣትነቱ ከሰል የፈለጠ ሰው ነው፣ መዳፉ ጉጠት ነው። ጣቱን ብቻ አልነበረም የሚጫነው፤ በአውራ ጣቱ ወደ መዳፉ ወረድ እያለ ነበር።

«ስድስት» አሉ።

«ጮክ ብለህ አንተም ቁጠር» አለው ራይንሽ።

«ሰባት» አለ ፍሎሪያን።

«ያማል?»

«ኧረ ምንም።»

«ፕራገር ተሰብሯል ሲል ነበር።»

«ውሸቱን ነው። ስምንት።»

«ፈገግ በላ ታዲያ።»

ፈገግ አለ። ላቡ ከአገጩ ሲንጠባጠብ ኤማኑኤል ካፖርቱን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ዘጠኝ። አሥር ሲባል ጫማዎቹ መሬቱን መቱት፣ ኡርሱላም ሜዳ ገባ።

ስለዚያ ጨዋታ ከተማው እስከ ዛሬ ያወራል፤ እኔ አላበዛውም። ሁለት ለአንድ እየመራን መጨረሻው ሲቃረብ የባቡር ሠራተኞቹ አጥቂ ብቻውን ወጣ። ፍሎሪያን ከጫማው ሥር ገባ። ጫማው ያችው ቀኝ እጁ ላይ አረፈ፣ ቀጥሎ ሌላ ጫማ፣ ቀጥሎ ሌላ። እሱ ግን ኳሷን ሆዱ ሥር አድርጎ እንደ ሞተ ሰው ተኛባት። ፊሽካው ተነፋ። ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው፣ ተሸከመው፣ የጉድጓዱ ማርሽ ባንድ ነፋ። ከዚያ የመጣው ሁሉ እጁን ሊጨብጠው ፈለገ። ቆፋሪው፣ ቄሱ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ቡናማ ሸሚዙ፤ ሁሉም እየመጡ ያቺን ቀኝ እጅ ይዘው ወዘወዟት። ፍሎሪያን እያንዳንዱን አመሰገነ። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ጓንቱን በመቀስ ቀዳ ነው ያወጣችለት።

እጁ በዚያው እንደታጠፈ ደረቀ። ሦስት ጣቶች ወደ መዳፉ ተጣብቀው ቀሩ። የዶክተር ፕራገርን ደጅ ሊመታ የሄደው ፍርሃቱ ኅፍረቱን ካሸነፈ በኋላ፣ በሰኔ ነበር። ሌላ ሴትዮ ከፈተችለት። ሐኪሙ ዕቃውን ጭኖ ድንበር ተሻግሮ ሄዷል አለችው። ፍሎሪያን ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ መብራት ቤቱ ተመለሰ። የበጋውን ወራት ሁሉ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ነው የገፋው።

የአዲሱ ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታ በሜዳችን ነበር። ከብሬስላው የመጡት ልጆች አምስት ጊዜ አስቆጠሩ። ሁለቱ በፍሎሪያን መዳፍ ውስጥ አልፈው ነው የገቡት። ከአራተኛው በኋላ ያ ዘፈን ተነሣ፣ ግጥሙ ግን ተለውጦ ነበር፤ አሁን ስለ ሱሪው ነበር የሚዘፈነው። ጨዋታው እስኪያልቅ ዘፈኑት። በሚቀጥለው እሑድ ራይንሽ ኤማኑኤልን አሰለፈ፣ ኤማኑኤልም አንድም ኳስ አላሳለፈም።

ሰኞ ፍሎሪያን ተጠራ።

«ከነገ ጀምሮ ትወርዳለህ» አለው ራይንሽ።

«አቶ ራይንሽ፣ ፈረስ ልጠብቅ። ልጥረግ። ሽንት ቤት ልጠብ።»

«ሁሉም ተይዟል። ከሰል ለመግፋት አንድ እጅ ተኩል ይበቃል።»

ፍሎሪያን ተንበረከከ። ራይንሽ ወረቀቱን እያገላበጠ ቆየና፣ ለሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ።

«እኔን የሚገርመኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ያ ሐኪም በስብሰባው ዓርብ ከሰዓት እዚሁ መጥቶ ነበር፣ አሁን አንተ ያለህበት ቦታ ቆሞ። የልጁ እጅ ተሰብሯል፣ እስኪድን መብራት ቤቱን አትንካበት አለኝ። ኤማኑኤልን አስጠራሁት። አንዷን ጨዋታ ተጫውቼ ቦታውን እመልስለታለሁ፣ ወንበሩን አልፈልግም አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። እጅ ተጨባብጠን ተለያየን፣ ሐኪሙም ማታ ለሁሉም እነግራለሁ ብሎኝ ሄደ።»

ፍሎሪያን የደረቁ ጣቶቹን በግራ እጁ ያዘ።

«ማታ ስትነሣ ያየሁህ እኔ ነኝ» አለ ራይንሽ። «ውሸታም ነው አልክ። እንግዲህ ሰውዬው ውሸታም ከሆነ እጅህ ደህና ነው። ለማንኛውም ብዬ እሑድ ደግሜ ጠየቅሁህ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ፈገግ ብለህ ነበር እኮ። በል ተነሥ፣ ምንጣፉን አታቆሽሽብኝ።»

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ማክሰኞ ጠዋት ፍሎሪያን ከፈረቃው ጋር ተሰለፈ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ከውስጥ የተቀመጠው ኤማኑኤል መብራቱን ለግራ እጁ ሰጠው። ፍሎሪያን አልተንቀሳቀሰም።

«ኤማኑኤል፣ ራይንሽ ሁሉንም ነገረኝ።»

«እህ።»

«አላወቅሁም ነበር። በማርያም ይዤሃለሁ፣ አንድ ቃል ንገርልኝ። አንተን ይሰማሃል።»

ኤማኑኤል ትንሽ ሳለ። ሳሉ ከበፊቱ ቀለል ብሎት ነበር። «ስብሰባው ላይ ካንተ በኋላ ሁላችንም አነሣን» አለ። «እኔም ጭምር። እሱን እስካሁን ሆዴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ሂድ አሁን፣ ከኋላህ ሰው ቆሟል።»

ሳጥኑ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆሙ። ሰዎቹ ስለ እሑዱ ጨዋታ ያወሩ ነበር፤ ኤማኑኤል ከላይኛው ጥግ አንዷን እንዴት እንዳወጣት፣ ኡርሱላ ዘንድሮ እስከየት እንደሚደርስ።

«እስቲ አንተ ፍረድ፣ ቡዮክ» አለ አንዱ። «ያንተ እጅ ይሻል ነበር የሱ?»

«የሱ ይሻላል» አለ ፍሎሪያን።

ሳቁ። በሩ ተዘጋ፣ ወለሉም ከእግራቸው ሥር ሸሸ። የፍሎሪያን ጩኸት የተሰማው ሳጥኑ ከዓይን ከጠፋ በኋላ ነበር፤ ከጉድጓዱ አፍ እየወጣ መብራት ቤት ድረስ ደረሰ። ኤማኑኤል ቆሞ አዳመጠው፤ ከዚያ ብርድ ነበርና መስኮቱን ዘጋ።